ለከዋክብት የሠራሁት ተገጣጣሚ ቤት

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ዛሬ ኮከብ ላይ ቤት ሠራሁ። ከቴምፔ ሐይቅ ሰው እዚያ ድረስ ደርሶ ቤት የሠራ እኔ ብቻ ነኝ። እሺ... አልሠራሁም፣ ሣልኩ። የሣልኩትም በእርሳስ ነው። ማስመሪያውም የጎረቤቴ የኡማሬንግ ነው። ቢሆንም ቤት ነው።

ኢቡ ናዲራ «በየቀኑ ጻፉ፣ አንድ መስመርም ቢሆን» ብላለች። የማታ ትምህርቱን ጨርሰን የምስክር ወረቀት ወስደናል፤ መምህርታችን ግን እጃችን እንዳይረሳ ብላ አልለቀቀችንም። አሁን ደግሞ ጨዋታ አመጣች። ከከተማ ጓደኞቿ ጋር የምትጫወተው ዓይነት። ኳስ የለው፣ ካርታ የለው። እያንዳንዱ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። እሷ ትተርካለች፤ እኛ በየተራችን «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን። ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዳይስ፣ ነጥብ ያለበት ኩብ፣ ይጣላል። ታሪኩ ገና ባልመጣ ዘመን ነው። ውኃቸው የደረቀባቸው ሰዎች ውኃ ፍለጋ ከኮከብ ወደ ኮከብ ይሰደዳሉ። የጨዋታውን መጽሐፍ የምንጽፈው ራሳችን ነን። ኡማሬንግ ሞተሩን፣ ኢንዶ ቻያ ምግቡን፣ እኔ ቤቱን። ተንቀሳቃሽ፣ ተገጣጣሚ፣ ሰው የሚኖርበት።

ቤቱን ለማን ሰጠችው? ለእኔ። ለማን ልትሰጠው ኖሯል? ግማሹ የሐይቁ ሰው እኔ በሠራሁት ተንሳፋፊ ቤት ነው የሚተኛው። ግማሹ እንኳ አይደለም... ብዙው።

ኡማሬንግ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሳካ ቤት ኮከብ ድረስ ከደረሰ እኔ ጨረቃን በሞተሬ ጎትቼ አመጣለሁ።» መካኒክ ተብሎ! ሞተሩ በእምቦጭ ተተብትቦ ሐይቁ መሃል ሲቆም ማን ነው ጎትቶ የሚያወጣው? ደሜ ፈላ።

ራቤ ሳቀች። የገዛ ሚስቴ።


ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ቤቱ እንዲህ ነው። ማንም ስለማያነበው በደንብ ልኩራበት።

አንድ ትልቅ ቤት ሞኝነት ነው። አንዱ ጥግ ሲበሰብስ ሁሉም ይሰምጣል። የእኔ በክፍል በክፍል ነው። ወርዳቸው እኩል፣ ስለዚህ የትኛውም ከየትኛውም ይገጥማል። በአራቱም ጎን መንጠቆ። ግድግዳው ሲወርድ ገበታ፣ ሲነሳ ግድግዳ። ጣሪያው እንደ ዣንጥላ ይታጠፋል። ከሥሩ ቀርከሃ።

ናዲራ «ዳኤንግ ሳካ፣ ኮከብ ላይ እኮ ቀርከሃ አይበቅልም» አለች፤ ዳኤንግ የአክብሮት መጠሪያዬ ነው።

«ኮከቡን ያሳዩኝ፣ እኔ እተክላለሁ» አልኳት። ሳቁ። በኋላ «ባዶ የብረት ቧንቧ» ብለን ጻፍነው። እኔ ግን ሳነበው ቀርከሃ ነው።

ከየት አመጣኸው ቢሉኝ ከገዛ ቤቴ። ቤታችን በሁለት ተንሳፋፊ የቀርከሃ ንጣፍ ላይ ነው። የፊተኛው የእኔ። የኋላውን ክፍል ከነንጣፉ ለራቤ የሰጣት አባቷ ነው፤ ስትዳር ጎትተው አመጡትና በሠርጋችን ቀን ከእኔው ጋር በገመድ ታሰረ። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አልላላም።

ኮከብ ላይ አየር የለም አለችን ናዲራ። አየሩ እንዳያመልጥ በሩን እንደ ዓሣ ወጥመድ አደረግኩት። ወጥመዱ አፉ ወደ ውስጥ ነው፣ የገባ አይወጣም። ብልህነት አይደለም?

ኡማሬንግ እጁን አወጣ። እንደ ተማሪ! «ሰውየውስ? ሰውየውም ገብቶ አይወጣም?»

ኢንዶ ቻያ ሻይዋ በአፍንጫዋ ወጣ። አሮጊት ናት፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ሳቅ ስታገኝ አታልፍም። «እኔ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኖሬያለሁ» አለች። «ባሌ ነበር በሩ።»

ራቤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከውስጥ የሚከፈት አድርገው» አለችኝ።

አደረግኩት። የራሴ ሐሳብ ነበር። ሊመጣልኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር።


ሰኔ 5፣ ሐሙስ

እምቦጩ በራችን ድረስ መጣ። በረጅም እንጨት ስገፋው ዋልኩ። ማታ ተመልሶ መጣ። ማን ነው የሚልከው?


ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዛሬ አሸነፍኩ። አፋቸውን አስያዝኳቸው።

ናዲራ «ክፍሎቹ ከቦታ ቦታ የሚሄዱት በምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ኡማሬንግ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አወቅኩ። «ሞተር የለም!» ብዬ ጮህኩ። የሚሄደው በሰው ነው፤ በገመድ ነው። ቤት በሞተር ከተጎተተ ጎረቤት ለምን ያስፈልጋል?

ከዚያ ሕጉን ጻፍኩ። እኛ እዚህ ሐይቅ ላይ ስናደርገው የኖርነው ነው፤ የጻፈው ሰው ግን አልነበረም። ቃል በቃል እነሆ፦

«ክፍሉን ሊያንቀሳቅስ የፈለገ በታንኳ እየዞረ በየደጁ ይጠራል። የተጠራ ይመጣል። ለምን ብሎ አይጠይቅም። የተጠራው ሁሉ ገመድ ሳይዝ መጎተት አይጀመርም። ያልተጠራ የሰው ቤት አይነካም። ሲያልቅ ባለቤቱ ያበላል።»

ኡማሬንግ «የተጠራው ሰው ባይፈልግስ?» አለ።

«መፈለግ አለመፈለግ ብሎ ነገር የለም። ዛሬ እምቢ ያለ ነገ ቤቱ ሲሰምጥ ማንን ይጠራል? ዓሣ ይጥራ!»

አጨበጨቡ። ናዲራ ሳይቀር። ወረቀቱን ተቀብላ ፋይል ውስጥ አስገባችው። የእኔን የእጅ ጽሑፍ!

ያኔ ራቤ። «የሽመና ክፍሉ የት ነው?»

«የምን ሽመና?»

«የመኝታ አለ፣ የማብሰያ አለ፣ የወሬ ክፍል አለ። ሰው እዚያ ራቁቱን ነው የሚሄደው?»

የወሬ ክፍሉ የእኔ ነው። ከሁሉም ሰፊው ነው። «ሴትዮ፣ ኮከብ ላይ ጨለማ ነው፣ ሐርሽን ማን ያየዋል?» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኡማሬንግ እንኳ ጉልበቱን መታ።

እሷ አልሳቀችም። የገባት አልመሰለኝም።


ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ገብቷታል። ቁርስ ላይ ዝም። ዓሣውን ስትገለብጥ ዝም። ምን አጠፋሁ? ቀልድ ነው!

ነገሩ የቆየ ነው። ስትሸምን መሬት ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ፣ የመሸመኛውን ጫፍ በቀበቶ ከወገቧ ታስረዋለች። አንድ የሞተር ታንኳ ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይነቃነቃል፣ ወገቧ ይነቃነቃል፣ ድሩ ይበጠሳል። እርጥበቱም አለ። ሐሩ ይሻግታል። በየዓመቱ ውኃው ሲሞላ ትለኛለች። «የኋላውን ክፍል አሁን ወደ ዳር እንጎትተው፤ ውኃው ሲጎድል መሬት ላይ ይቀመጣል። የማይነቃነቅ ወለል ይኖረኛል።»

እኔስ ምን እላለሁ? አንድ ጊዜ «የተበጠሰውን ዓሣዎቹን አልብሻቸው፣ እነሱም ኢድ ያከብራሉ» አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ ላይ ይወራል። ሰው ሲያየኝ «ዳኤንግ ሳካ፣ ዓሣዎቹ ለበሱ ወይ?» ይለኛል። እንዲህ ያለ ቀልድ በየቀኑ አይመጣም።

ደግሞ እሷስ የሐይቅ ልጅ አይደለችም? እኔ ሳላገባት በፊት ሐይቁ አይነቃነቅም ነበር? ሐይቁን ያነቃነቅኩት እኔ ነኝ? ተናደድኩ። ሳስበው ይበልጥ ተናደድኩ።

ምሳ አስቀምጣልኝ ወደ ሽመናዋ ሄደች። ዓሣው ግን ጥሩ ነበር። ይሄም አናደደኝ።


ሰኔ 16፣ ሰኞ

መጻፍ አልፈልግም። ካልጻፍኩ ግን የሆነ ነገር እሰብራለሁ፤ የሚሰበረው ደግሞ የራሴ ነው።

ጨዋታው ዛሬ ተጀመረ። እኔ የመንደሩ ሽማግሌ። (ንጉሥ ልሁን ብዬ ነበር። ናዲራ «የንጉሥ ቦታ የለም» አለች።) ኡማሬንግ ነጂ። ኢንዶ ቻያ መድኃኒት አዋቂ። ራቤ ሱትራ የምትባል ሸማኔ ሆነች፤ ሱትራ ሐር ማለት ነው። በጨዋታው የእኔ ሚስት ናት። እንዲህ ይሁን ያልኩትም እኔው ነኝ! «ሽማግሌ ያለ ሚስት አያምርበትም» ብዬ።

ናዲራ ተረከች። መንደራችን ሁሉም ክፍሎቹ ተያይዘው በባዶው ውስጥ ሲንሳፈፉ አንድ ኮከብ አጠገብ ደረሱ። ዳር ላይ መሬት አለ። የማይነቃነቅ። «ምን ታደርጋላችሁ?»

እኔ «እናልፋለን» አልኩ። ኡማሬንግ «ነዳጅ እቀዳለሁ» አለ። ቻያ «ቅጠል እለቅማለሁ» አለች።

የራቤ ተራ ደረሰ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ሳትቀንስ... «ሱትራ ታንኳ ላይ ወጣች። በየደጁ እየዞረች ትጣራለች። ክፍሌን ወደዚያ መሬት ልወስደው ነው። ነገ ኑና ጎትቱልኝ።»

ሳቅኩ። ቀልድ መሰለኝ። «የትኛውን ክፍል?»

«የኋላውን።»

«የኋላው የእኔም ነው።»

«አባቴ የሰጠኝ ነው።»

ሱትራ አባት አላት እንዴ? በዚህ ጨዋታ ውስጥ ስለ አባት ያወራ ሰው አለ? ጆሮዬ ጋለ።

«ሽማግሌው እምቢ አለ» አልኩ።

ናዲራ ፋይሏን ከፈተች። የእኔን ወረቀት አወጣች። «የተጠራ ይመጣል። ለምን ብሎ አይጠይቅም። ዳኤንግ፣ የእርስዎ ሕግ ነው።»

«ዳይስ ይጣል!»

«ሕጉ ግልጽ ከሆነ ዳይስ አይጣልም።»

«ባልስ? ባል ጎረቤት ነው?»

ኢንዶ ቻያ ጣልቃ ገባች። «አንተ ሳካ፣ ገመዱን ያዝ እንጂ! መሸብን። የኮከብ ሰዎችም ቤት ንብረት አላቸው።»

ወደ ኡማሬንግ አየሁ። እሱ ይሳቅብኝ ብዬ ጠበቅኩ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

«ሽማግሌው ጎተተ» አልኩ።

ራቤ «በደንብ?» አለች።

«በደንብ ጎተተ!» ብዬ ጮኼ ተነሳሁና በሩን ደርግሜ ወጣሁ።

ወጣሁ ማለት... ታንኳችን አንድ ናት። ሄጄ ታንኳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ይሄ ቁጣ ነው? ተቆጥቶ የወጣ ሰው ቁጭ ብሎ ሚስቱን ይጠብቃል? መጣች፣ ተቀመጠች፣ ቀዘፍኩ። እንዲህ አድርጌ ቀዝፌ አላውቅም። ውኃው እስከ ፀጉሯ ተረጨ።


ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

«ጨዋታ ነው አይደል?» አልኳት። ሩዝ ታጥባለች።

«አይደለም።»

«ታዲያ እዚሁ ቤት ውስጥ ለምን አትነግሪኝም? በሰው ፊት? ኡማሬንግ ፊት?»

«ስነግርህ ነው የኖርኩት። ትስቃለህ።»

«ለምን እዚያ?»

ውኃውን ደፋች። «እዚያ ተራ አለ። ተራዬ ሲደርስ ማንም አያቋርጠኝም።»

ወጥቼ እምቦጩን ስደበድብ ዋልኩ።


ሰኔ 19፣ ሐሙስ

መድኃኒቱን አገኘሁ። አዲስ ቤት ሣልኩ። አንድ ክፍል ብቻ፣ ሰፊ፣ ከባድ። መንጠቆ የለው። መቶ ሰው ቢመጣ አይጎትተውም። ለናዲራ ወሰድኩላት። ምነው ኡማሬንግን እዚያ ባላገኘሁት! የትምህርት ቤቱን የውኃ ፓምፕ ፈታትቶ ዘይት በዘይት ሆኖ ተቀምጧል።

ስዕሉን በትከሻዬ በኩል አየው። «መንጠቆው የታለ?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይንቀሳቀሳል?»

«አይንቀሳቀስም።»

«ተንቀሳቃሽ ቤት አልነበረም እንዴ የተባልከው?»

«አንተ ፓምፕህን!»

ናዲራ በትሕትና «ዳኤንግ፣ ይሄን መጽሐፉ ውስጥ ላስገባልዎት እችላለሁ» አለች። «የመጀመሪያውን ግን መሰረዝ አልችልም። ተጫውተንበታል። ሆኗል።»

«ሆኗል ማለት ምን ማለት ነው? ወረቀት አይደለም?»

«ከተጫወትነው በኋላ አይደለም።»

ኡማሬንግ አሁንም ስዕሉን ያያል። ጭንቅላቱን አዘነበለ። «ለአንድ ሰው አልሰፋም?»

እዚያው ፊቱ ላይ ቀደድኩት። ቁርጥራጩን ወረወርኩት። ነፋሱ መልሶ እኔው ላይ በተነው። አንዱ ከንፈሬ ላይ ተለጠፈ። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ እንዲህም ፈርቼ... ምን እያልኩ ነው? የምን ፍርሃት? ማን ፈራ?


ሰኔ 23፣ ሰኞ

ጠዋት ራቤ ታንኳችንን ፈታች። ጥሩውን ሳሮንግ ሽርጧን ለብሳለች፣ ያቺን ራሷ የሸመነቻትን አረንጓዴ። ገበያ መሰለኝ። መረብ እየጠገንኩ በዓይኔ ተከተልኳት። ኢንዶ ቻያ ደጅ ቆመች። ኡማሬንግ ደጅ ቆመች። ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። አትወርድም። ታንኳዋ ላይ እንዳለች ትናገራለች፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ገባኝ።

ስትመለስ በጓሮ ትገባለች ብዬ ነበር፤ ሁልጊዜ በጓሮ ነው የምትገባው። በፊት ለፊት መጣች። ታንኳዋን እንደ እንግዳ ከመሰላሉ ሥር አቆመች። እኔ እዚያው በክንድ ርቀት ተቀምጬ! ቀና ብላ ተጣራች።

«የዚህ ቤት ባለቤት አለ?»

«ራቤ፣ አታሹፊ።»

«ዳኤንግ ሳካ አለ ወይ?»

«...አለ።»

«ሐሙስ ጠዋት ክፍሌን ወደ ዳር ልወስድ ነው። መጥተህ ጎትትልኝ።»

እንደ ባል ሳይሆን እንደ ጎረቤት ጠራችኝ። ሥርዓቱን አንዲት ሳታጎድል። ለምን ልላት አልችልም። እምቢ ልላት አልችልም። እኔ ደግሞ ሕጉን ጽፌዋለሁ! መርፌው እጄ ላይ ተሰበረ። ራሴን ነቀነቅኩ መሰለኝ፤ ታንኳዋን ገፋ አድርጋ ዞራ በጓሮ ገባችና ሩዝ ጣደች።

ምሳ አብረን በላን። ማን ይሄን ያምናል?


ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

አልሄድም።


ሰኔ 25፣ ረቡዕ

አልሄድም። ወገቤን አሞኛል። አሁን ደህና ነው፣ ነገ ጠዋት ግን በጣም ነው የሚያመኝ።


ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ሳይረፍድ ታንኳው ሁሉ ተሰበሰበ። ጀርባዬን ሰጥቼ የፊት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ገመዶች ሲታሰሩ እሰማለሁ። ቻያ «ሳካስ?» አለች። ራቤ «ወገቡን አሞታል ይላል» አለች። ይላል!

አልጀመሩም። የተጠራው ሁሉ ገመድ ካልያዘ አይጀመርም። ሰው ሁሉ ታንኳው ላይ ገመዱን ይዞ ተቀምጧል፣ ፀሐይ እየወጣች ነው፣ ማንም ና አይለኝም። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? ቢሰድቡኝ እመልስላቸው ነበር። ልጠብቅ ወሰንኩ። እነሱም ጠበቁ። የሰው ዝምታ እንዲህ ጀርባ ላይ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር።

ያኔ ኡማሬንግ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ ሳካን ካመመው፣ በሞተሬ ልሳበው።»

«ሞተር የለም!» ብዬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ። ወገቤ ተረሳ። «በእኔ ገመድ የታሰረ ቤት በሞተር አይሄድም! ወዲያ በል!»

ቋጠሮው እምቢ አለ። ጥሩ ቋጣሪ ነኝ፣ ያውም በሠርጌ ቀን ስቋጥረው ወጣት ነበርኩ። ቢላ አቀበሉኝ፣ አልፈለግኩም። በጥርሴ ፈታሁት። እሺ... በጥርሴ አይደለም፣ በጣቴ። ጥፍሬ ደማ። ሲፈታ ሁለቱ ንጣፎች እንደ ሰው ተነፈሱ። በመሃላቸው ውኃ ገባ። ትንሽ ውኃ፤ ከዚያ ብዙ ውኃ።

የፊተኛውን ገመድ ያዝኩ። ሌላ ቦታ ቢሰጡኝም አልይዝም ነበር። እየተሳደብኩ ጎተትኩ። እምቦጩን ሰደብኩ፣ ኡማሬንግን ሰደብኩ፣ ሐሩን ሰደብኩ፣ ናዲራን ከነዳይሷ ሰደብኩ። ቻያ ከኋላዬ «አይዞህ ሽማግሌው፣ በደንብ ጎትት!» ትለኛለች። በደንብ ጎተትኩ። ንጣፉ ዳር ሲደርስ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ቆመ። አልተነቃነቀም። ራቤ ገባች፣ ወለሉን በእግሯ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ሌላው ጥግ ሄዳ መታች። ፊቷን አላየሁም።

አበላችን። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ቡራሳዋን፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ በርበሬ። ሁለተኛዬን እየፈታሁ ሳለ ኡማሬንግ አፉን ሞልቶ ወደ ሐይቁ ጠቆመ።

«ሳካ... ኮከብህ ወዴት እየሄደ ነው?»

ዞር አልኩ። ቤቴ ይሄዳል! ቀስ ብሎ፣ ዞር ዞር እያለ፣ የተሰቀለ ሸሚዜ እጁን እያወዛወዘ ወደ እምቦጩ ይሄዳል። ለካ ቤቱን ነፋስ እንዳይወስደው የምናስርበት ግንድ ከኋላው ክፍል በኩል ነው። የእኔ ንጣፍ በእሷ ነበር የሚያዘው። ስንት ቤት የሠራሁ ሰው! የሰው ቤት ሲሆን መጀመሪያ የማየው ግንዱን ነው። የራሴን ረሳሁት። ሐይቁ ሁሉ ሳቀ። ሕፃን ሽማግሌው።

ማንም ግን አልተነሳም። ያልተጠራ የሰው ቤት አይነካም። ቡራሳቸውን ይዘው ያዩኛል።

ኡማሬንግ «ጥራና!» አለ። «ወይስ ዓሣ ነው የምትጠራው?»

እንዲያ ተናድጄ የሰው ስም መጥራት እንደ ስድብ ነው። «ኢንዶ ቻያ! ቤቴ ሄደ፣ ነይ ጎትችልኝ!» ተነሳች። «ኡማሬንግ! ቤቴ ሄደ፣ ና ጎትትልኝ!» ተነሳ፣ ያውም ሮጦ። አንድ በአንድ ጠራሁ። ሁሉም ተነሱ።

አንድ ሰው ቀረ። ድስቱ አጠገብ ቆማለች፣ ጭልፋ ይዛ። ከዚያ ጨዋታ ወዲህ ስሟን በደህና አልጠራሁትም።

«ራቤ» አልኩ። «ቤቴ ሄደ።»

ለምን አላለችም። እጇን በሳሮንጓ ጠረገችና መጥታ ከጎኔ ገመድ ያዘች።


ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

አዲስ ግንድ ተከልኩ። ትንሽ ወደ ዳር ቀረብ አድርጌ። እዚህ ነፋሱ ስለሚቀንስ ነው፣ ለሌላ አይደለም። ቤቱ ግማሹ ሲሄድ ቀለለ። በቀኝ በኩል ስሄድ ያዘነብላል። እንደ ሰካራም ነው የምሄደው፤ ሳልጠጣ። ጠዋት ተነስቼ ጥሩ ቀልድ መጣልኝ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ የሰማው እምቦጩ ነው። አሁንም እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል።

የሽመናዋ ድምፅ በውኃው ላይ ይመጣል። ቷ... ቷ... አይቋረጥም። ድሮ ይቋረጥ ነበር።

ናዲራ መጽሐፉን ልትጨርስ ስለሆነ የሽመና ክፍል ይሣሉልኝ አለች። ሣልኩ። ከሁሉም ክፍል ጋር ይገጥማል፤ የሚፈታው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። የወሬ ክፍሉን አሳነስኩት። ቦታ ስለጠፋ ነው። ኡማሬንግ አይቶ «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። ሌላ ነገር እስኪጨምርበት ጠበቅኩ። አልጨመረም። ሰውየው ታሞ ይሆን?

ትናንት ዓሣ ይዤ ዳር ደረስኩ። ራቤ ወለሏ ላይ እግሯን ዘርግታ ትሸምናለች። ቀይ ነው፣ ጠርዙ ወርቃማ። እንዲህ የረዘመ ሥራ ከእሷ እጅ አይቼ አላውቅም። ዓሣውን ተቀበለችኝ። ልሄድ ስል መወርወሪያዋን አስቀምጣ ቀና አለችና «ነገ ለእራት ትመጣለህ?» አለችኝ። እኔም ቶሎ አልመለስኩላትም። ታንኳዬን ገፋሁ፣ መቅዘፊያዬን አነሳሁ፣ ዞር ብዬ «ላስብበት» አልኳት። እንደ ንጉሥ።

...

ማንም አያነበውም። ናዲራም አታርመውም። ታዲያ ለማን ነው የምዋሸው?

ከተጻፈው ሁሉ የፈጠርኩት ይሄን አንዱን ነው። ለእራት የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «ላስብበት» ያለችው እሷ ናት።